ቤቱ ሲታመም ተከራዩ ወዴት ይሂድ?

ቤት ማለት ምን ማለት ነው ብለን የጠየቅን እንደሆነ አንዱ ግድግዳና ጣራ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ርስት ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ትዳር ነው ይላል። ሁሉም እውነት አላቸው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ተከራይ ስለሆነ፣ ከነዚህ ሁሉ የሚያንስ መስሎ ለሁሉም መሠረት የሆነውን አንዱን ነገር እይዛለሁ። ቤት ማለት ሰው ዐይኑን ጨፍኖ የሚተኛበት ስፍራ ነው። የዱር አውሬ ሲተኛ እንኳ ጆሮው ነቅቶ ያድራል፤ ሰው ግን ግድግዳ ማቆም ከጀመረ ወዲህ ጥበቃውን ለግድግዳው አስረክቦ ያርፋል። እንግዲህ ተከራይ በየወሩ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጥ ጭቃውንና ቆርቆሮውን አይገዛም፤ እነርሱ የባለቤቱ ሆነው ይቀራሉና። የሚገዛው ያለ ሥጋት የሚያድርበትን ሌሊት ነው። ስለዚህ «ዛሬ ይወድቅብኝ ይሆን?» እያለ ዐይኑን ከማገሩ ሳይነቅል የሚያነጋ ተከራይ፣ ኪራዩን ከፍሎ የተከራየውን አላገኘም።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ የዚህም ጽሑፍ ነገር እርሱ ነው። ቤቱ ሰው ሊኖርበት የማይገባ በሆነ ጊዜ፣ ተከራዩም ውጣ በተባለ ጊዜ፣ ለዚህ ሰው ምን ይገባዋል? የሚገባውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህ የዳኞችና የሹማምንት ጉዳይ ብቻ መስሎ አይታይህ። ምናልባት አንተ ራስህ ከገጠር ቀበሌ መጥተህ፣ ከሁለት ጓደኞችህ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተህ የምትማር ነህ፤ ነገም በመምህርነት ወይም በጤና ሠራተኝነት ወደማታውቀው ከተማ ስትመደብ የመጀመሪያው ሥራህ ቤት መፈለግ ነው። በአገራችን የተማረ ሰው የዕድሜውን እኩሌታ በተከራይነት ያሳልፋል፤ እኔም ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ከቆምሁባቸው ዓመታት ብዙውን የኖርሁት በሰው ግቢ ነው።

የቤት ሕመም እንደ ሰው ሕመም ከውስጥ ይጀምራል። በወላይታ ከተሞች፣ በቦዲቲም ሆነ በአረካ ወይም በሶዶ፣ ለኪራይ ከሚሰጡት ክፍሎች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆመው፣ በጭቃ ተመርገው፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። እንጨቱ ከላይ ሲያዩት ደረቅና ብርቱ ነው፤ የሚሞተው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በእግሩ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ቀዩ ዐፈራችንም እርጥበቱን ይዞ ያቆያል። የምሰሶው እግር ይበሰብሳል፤ የቀረውን ምስጥ ከውስጥ ይበላዋል። ምርጊቱ ግን ደኅና መስሎ ይታያል፤ ኖራ የተቀባ እንደሆነማ ጭራሽ አይታወቅም። ባለቤቱ ሌላ ክፍል ለመጨመር ሲል ከግድግዳው ሥር አዲስ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፈረ እንደሆነ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይከዳል። አንድ ቀን በሩ አልዘጋ ይላል። ተከራዩ እንጨቱ በእርጥበት ያበጠ ይመስለውና በቢላዋ ይልገዋል፤ በሩ ግን አላበጠም፤ መቃኑ ዘመመ እንጂ። ይህን ሁሉ ተከራይ ከመግባቱ በፊት አይመረምርም። ቤቱን የሚያየው ደላላው ቆሞ እየጠበቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ልብ ብሎ የሚያየውም መብራት መኖሩንና ውሃ መቅረቡን ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ምን ያስጨንቃል ይላሉ። «ካልተስማማው ይልቀቅ፤ ማን አሰረው? አይቶ ወዶ ነው የገባው» ይላሉ። ነገር ግን ማየት ሌላ፣ መውደድ ሌላ ነው። የጠማው መንገደኛ የደፈረሰ ውሃ ቢጠጣ ጭቃ ይወዳል አይባልም። መልቀቅም ነጻነት የሚሆነው መሄጃ ላለው ሰው ነው፤ መሄጃ ለሌለው ሰው «ልቀቅ» ማለት መምከር ሳይሆን ማባረር ነው።

ከዚህ የበረታ ክርክር ደግሞ አለ፤ እርሱን በቸልታ ማለፍ አይገባም። «ቤቴ ርካሽ የሆነው አሮጌ ስለሆነ ነው፤ ባድሰው ኪራዩ ይወደዳል፤ ያን ጊዜ ድኻው ራሱ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ እኔ የድኻ ወዳጅ ነኝ» የሚል አከራይ አጋጥሞኛል። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ቢሆንም ችግርና አደጋ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። አንድ ሰው የክፍሉን ጥበት፣ ከመንገድ መራቁን፣ መጸዳጃው የጋራ መሆኑን፣ የጎረቤቱን ጫጫታ ሁሉ በኪራይ ቅናሽ ሊለውጥ ይችላል፤ እነዚህን ታግሦ መኖር ይቻላልና። የሚወድቅ ግድግዳ ግን በየወሩ ሃምሳ ወይም መቶ ብር ስለ ቀነሰ በዚያው መጠን ቀስ ብሎ አይወድቅም። በገበያ ላይ ብዙ ነገር ይሸጣል፤ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ግን ዋጋ ሊቆረጥለት አይችልም፤ ሻጩም ገዢውም ምን ያህል እንደሆነ አያውቁትምና።

በማስተምርበት ዘመን ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርህ። ሦስት ተማሪዎች ከገጠር መጥተው በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ነበር። በየሳምንቱ ከቤታቸው ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ቆጮና ድንች፣ አንዳንዴም የበቆሎ ቂጣ። ከአልጋቸው በላይ ያለው ግድግዳ ተሰንጥቆ ነበር፤ እነርሱም ጋዜጣ ለጠፉበት። ስንጥቁ ሲሰፋ ሌላ ጋዜጣ ጨመሩ፤ ውስጡንም በባላ ደገፉት። በሚያዝያ ዝናብ አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እነርሱ በክፍል ተቀምጠው ሳሉ፣ ግድግዳው በአልጋው ላይ ወደቀ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መናገር አያሻም። ኋላ ስንጠይቃቸው ስንጥቁን ከሁለት ወር በፊት አይተውት ነበር። ለምን አልተናገራችሁም? ቢባሉ አንደኛው «ብንናገር ታስወጣናለች፤ በዚህ ኪራይ ሌላ ቤት የለም» አለ። አከራይቱም የወሩን ኪራይ አልመለሰችም፤ ዕቃችሁን አንሡ ብቻ አለቻቸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዝኖላቸው ጥቂት ሌሊት በአንድ ክፍል ውስጥ አሳደራቸው። ሁለቱ ዘመድ ፈልገው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ሦስተኛው ስንቁን ሊያመጣ እንደሄደ አልተመለሰም።

ጋዜጣውን የለጠፉት ማንን ሊያታልሉ ነው? ግድግዳው እንደሚወድቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለእነርሱ በዚያን ጊዜ ከግድግዳው ይልቅ የሚያስፈራው እውነቱ መታወቁ ነበር። መጠጊያ ሳያዘጋጅ «ይህ ቤት አደገኛ ነው፤ ውጡ» የሚል ሁሉ፣ ተከራዩን የስንጥቁ ዘበኛ ያደርገዋል። መርማሪ ሲመጣ በሩን የሚዘጋበት ያው አደጋው የሚደርስበት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ለተከራዩ ማደሪያ መስጠት ከደኅንነት ሕግ በኋላ የሚጨመር ቸርነት አይደለም፤ ያለ እርሱ ሕጉ ራሱ አይሠራም።

በጥንት ዘመን በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ማደሪያ ይሰጠው ነበር፤ በገጠር ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ያ መንገደኛ ለቤቱ አንዳች አልከፈለም፤ ስሙም አይታወቅም። በከተማ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ኪራይ የከፈለ፣ የግቢው ልጆች «ጋሼ» እያሉ ያደጉበት ሰው፣ ቤቱ በፈረሰበት ማታ ያን ያህል እንኳ አይገባውም። የሒሳብ ሰው ሆኗልና ሒሳቡ ሲያበቃ ነገሩ ሁሉ አበቃ ይባላል። ገንዘብ መክፈሉ መብቱን ሊጨምርለት ሲገባው፣ የእንግድነቱን ክብር ወሰደበት። በገጠር የጎረቤት ጎጆ ቢቃጠል አንዱ እንጨት፣ አንዱ ሣር ይዞ መጥቶ በደቦ ይሠራለታል። ለተከራይ ግን ጎረቤቱ ሊሠራለት ቢወድስ በየትኛው መሬት ላይ ይሥራለት?

የጥንት ሕጎችም ቢሆኑ ተከራይን ብዙ አላሰቡትም። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ሕግ፣ አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ወድቆ ባለቤቱን ቢገድል ግንበኛው ይገደል ብሏል፤ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል የግንበኛው ልጅ ይገደል ብሏል። በዚያ ስፍራ ባለቤት አለ፣ ልጅ አለ፣ ባሪያም አለ፤ ተከራይ ግን የለም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ኦሪት ዘሌዋውያንን ስናነብ፣ በምዕራፍ 14 «የቤት ለምጽ» የሚለውን ስናገኝ ልጆች ነበርንና እንስቅ ነበር፤ ቤት እንዴት ለምጽ ይይዘዋል እያልን። ዛሬ ሻጋታ የበላው ግድግዳ ሳይ አልስቅም። የዚያ ሕግ ቅደም ተከተል ያስደንቀኛል። ካህኑ ቤቱን ለመመርመር ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህም በውስጡ ያለው ዕቃ አብሮ ርኩስ እንዳይባል ነው። ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ የታመመው ድንጋይ ይወጣል፤ ምርጊቱ ተፍቆ አዲስ ይመረጋል፤ ደዌው የተመለሰ እንደሆነ ብቻ ይፈርሳል። ፍርዱ በቤቱ ላይ ከመውደቁ በፊት የነዋሪው ንብረት ይድናል ማለት ነው። ሰዎቹ እነዚያን ሰባት ሌሊቶች የት እንደሚያድሩ ግን ሕጉ አይናገርም፤ ምናልባት ሰው ሁሉ ዘመድ አለው በማለት ይሆናል።

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራይን ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትንም ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት አስረከበ። በዚህም ብዙ ድኻ በአከራይ ፈቃድ ከመባረር ዳነ፤ ከዝናብ ግን አልዳነም። ኪራዩ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ባለበት ስለ ቆመ፣ ከአንድ ቤት የሚሰበሰበው የዓመት ገንዘብ የጣራውን ቆርቆሮ የማይገዛበት ጊዜ መጣ። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ሊያድስ ቢነሣ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የግል አከራይ ስስታም ነው እያልን ለምንማረር ሁሉ ይህ ትምህርት ነው፤ ባለቤቱ መንግሥት ቢሆንም ግድግዳው ያው በእግሩ ይበሰብሳል።

እነዚያ ሰፈሮች ኋላ አረጁ ተብለው ሲፈርሱ፣ በልደታ፣ በካዛንቺስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ በመዝገብ ስላለ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የሚሰጥበት ሥርዐት ነበረ። ነገር ግን በአዲስ አበባ «ደባል» የሚባል ሰው አለ። ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ አንዲት ጥግ ወይም ቆጥ ተከራይቶ፣ በመጋረጃ ተለይቶ የሚኖር ነው። ኪራዩን የሚከፍለው ለተከራዩ ነው፤ በመዝገብ የለም። ቤቱ ሲፈርስ ለእርሱ ምትክ አልተሰናዳለትም። ባለሥልጣኖቹም ችግር አለባቸው፤ ለደባል ሁሉ ቤት ይሰጣል ቢባል፣ በነጋታው በእያንዳንዱ ቆጥ ላይ አሥር አሥር ደባል ይገኛልና። ይህን እረዳለሁ። ሆኖም ቤት አለመስጠትና አለመቁጠር አንድ አይደሉም። ለደባል ቤት ባይሰጠው እንኳ የሚፈልግበት ጊዜ፣ ዕቃውን የሚያነሣበት ገንዘብና ጥቂት ሌሊት የሚያድርበት ስፍራ ሊሰጠው ይችላል፤ ለዚህ ብሎ የሚዋሽ ሰው ጥቂት ነው።

በ2009 ዓ.ም. በሦስት ወር ገደማ ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ከልቤ አይጠፉም። መጋቢት 2 ቀን በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ሰዎቹ በሥሩ የሰፈሩት ተራራውን ስላላዩት አልነበረም። ሰኔ 7 ቀን ደግሞ በለንደን ግሬንፌል የሚባለው 24 ፎቅ ያለው የወረዳው አስተዳደር የኪራይ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ፤ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ወገኖቻችንም ከነርሱ መካከል ነበሩ። ነዋሪዎቹ እሳት ያሠጋናል ብለው አስቀድመው ጽፈው ነበር። አንዱ ጭቃና ላስቲክ ነው፤ ሌላው በሀብታም ከተማ መካከል ያለ ፎቅ ነው፤ በሁለቱም ግን አደጋውን ያወቀው የሚኖርበት ነው፤ የመወሰን ሥልጣን ያለው ደግሞ በዚያ አያድርም።

ከግሬንፌል በኋላ፣ በዚያው ወር፣ በለንደን የካምደን ወረዳ አስተዳደር በራሱ የኪራይ ፎቆች ላይ ተመሳሳይ ጉድለት አግኝቶ ነዋሪዎቹን በአንድ ማታ አስወጣ። ለልጅና ለሽማግሌ በሌሊት መውጣት ጭንቅ ነው፤ አንዳንዶችም አንወጣም ብለው ቀሩ። ሆኖም አስተዳደሩ ትእዛዙን ሲሰጥ በስፖርት አዳራሽ ፍራሽ አንጥፎ፣ ሆቴልም ተከራይቶ ነበር፤ ሰዎቹም ሥራው ሲፈጸም ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኛ እንደ ለንደን ሀብታሞች አይደለንም ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ሆቴል የመከራየት አቅም የለንም። ነገር ግን በእኛ አገር ግድግዳ አብዝቶ የሚወድቀው በክረምት ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍሎች ባዶ የሚሆኑትም በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በየከተማው ጣራቸው ደኅና የሆነ ስንት ክፍሎች ተቆልፈው ይከርማሉ!

እንግዲህ ማን ምን ይከፍላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ቤቱን በኪራዩ ዘመን በደኅና ሁኔታ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ሕንፃ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ የሌላ ሰው ሕንፃ ያሠጋው ሰውም ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር ነገር እንዲያደርግ ሊጠይቀው ይችላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። እነዚህ መልካም ሕጎች ናቸው። ግን በትናንሽ ከተሞቻችን አብዛኛው ኪራይ በቃል ነው፤ ግድግዳ የወደቀበት ተማሪም ፍርድ ቤት ቀጠሮ እስኪሰጠው ድረስ ማደሪያ ያስፈልገዋል።

በእኔ አስተያየት ዕዳው በሁለት ይከፈላል። ባለቤቱ ኪራዩን ስለ በላ፣ ያልተኖረበትን ኪራይና ቅድሚያውን በዚያው ቀን ይመልስ፤ ቤቱን ያደሰ እንደሆነም አስቀድሞ የነበረውን ተከራይ በፊተኛው ዋጋ ይጥራ። ይህ ሁለተኛው ካልታሰረ ሌላ ክፋት ይገባል፤ «እድሳት ነው» ብሎ ማስወጣት፣ ኖራ መቀባት፣ በእጥፍ ማከራየት እየተለመደ ነውና። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ክልል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ቤት ፈላጊ ሲበዛ ይህ ፈተና ወደ ቦዲቲም ይመጣል። ማደሪያውን ደግሞ የሚሰጠው «ውጣ» ብሎ ያዘዘው ነው። ከተማው ካዘዘ ከተማው ይሰጣል፤ ትእዛዙና ማደሪያው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

አከራይ ሲባል ግን ሁልጊዜ ባለጸጋ መስሎ አይታየን። በቦዲቲ ባሏ የሞተባት ሴት በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ጡረተኛውም እንዲሁ። ግድግዳው ሲወድቅ የወር ቀለቧ አብሮ ይወድቃል። እርሷን ካሣ ክፈዪ ብሎ መክሰስ ሁለት ድኾችን ማጣላት ነው። ድህነቷ አደጋውን ወደ ተከራዩ የማሻገር መብት አይሰጣትም፤ የመረዳት መብት ግን ይሰጣታል። በክረምት በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ ወጣቶች፣ የሚያከራዩአቸውን ክፍሎችም ቢያዩ፣ ጥቂት ምሰሶና የአንድ ሳምንት ጉልበት ብዙ ነገር ያስቀራል።

የቀረው የእድር ነገር ነው። እድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። አባል የሆነ ተከራይ ግድግዳ ወድቆበት ቢሞት ድንኳኑ በዚያው ቀን ይተከላል፤ ሌሊቱን ሰው አብሮ ያድራል። ሳይሞት የቀረ እንደሆነ ግን በብዙ እድር ድንኳኑ እንደ ታጠፈ ይቀመጣል። በእሳትና በሕመም ጊዜ የሚረዱ እድሮች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠይቅም። በብዙ ስፍራ የእድር ጸሐፊ የሚሆነው እንደ አንተ ያለ የተማረ ወጣት ነው፤ ደንቡ ሲሻሻል አንድ አንቀጽ ሊያስገባ ይችላል፦ ቤቱ ለወደቀበት ወይም እንዲለቅ ለታዘዘ ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ ድንኳኑ ለሰባት ሌሊት ይሰጠው። አባል ያልሆኑትን፣ እንደ ሦስቱ ተማሪዎች ያሉትን፣ አከራዩ በስሙ ሥር ያስመዝግባቸው። ይህን ሐሳብ ለአንድ ሽማግሌ ባቀርብለት «እንዲህ ከሆነማ አከራይ ሁሉ ግድግዳውን ሳይጠግን ተከራዩን በእድር ላይ ይጥልብናል» አለኝ። ሥጋቱ እውነት አለው። ስለዚህ እድሩ ድንኳኑን በተከለበት ሌሊት ሁሉ የሚያወጣው ወጪ፣ ስንጥቁን እያወቀ ዝም ካለ አከራይ ላይ ከወር መዋጮው ጋር እንዲሰበሰብ፣ በዚያው አንቀጽ አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።